ዝናብ ላይ መሪው ቀለለኝ፤ ምን ሆኖ ነው?

ይህን ጥያቄ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ማታ ቤት እንደገባሁ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነበር የጻፍኩት። እጄ ገና አልረጋም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። ዝናቡ ከጀመረ ሰዓት አልፎታል፤ ዶፍ አይባልም፣ ግን አያባራም። ፍጥነቴ 90 አካባቢ ነበር። ከባድ መኪኖች ደጋግመው የረገጡት አስፋልት ጎድጎድ ብሎ ሁለት መስመር ሠርቷል፤ ውሃው እዚያ ውስጥ ተኝቷል። ድንገት መሪው ቀለለ። ሌላ ቃል የለኝም። ሁልጊዜ እጄ ላይ የሚሰማኝ ክብደት ጠፋ። የሞተሩ ድምፅ ከፍ አለ፣ መኪናው ግን አልፈጠነም። አፍንጫው ቀስ እያለ ወደ ግራ ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠችው እህቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ ትንፋሿን ዋጠች። እግሬን ከነዳጁ አነሳሁ። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ጎማው መሬት ያዘ፤ መኪናው አንዴ ነቅነቅ አድርጎን ተስተካከለ።

የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ምን ሆኖ ነው? ፍሬን መያዝ ነበረብኝ ወይ? መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ 11 ዓመት ነድቻለሁ፣ ጎማዬ አልተላጨም፣ ዝናቡም ያን ያህል አልነበረም። ብዙ ሰው ያናገረው ይህ የመጨረሻው ነው።

በሁለት ቀን ውስጥ 38 መልስ ተጻፈ፤ የእኔም አሉበት። ሁሉንም አንብቤያለሁ፣ አንዳንዱን ሦስቴ። ከእኔ ሌላ የሚጠቀምበት ሰው አይጠፋም ብዬ እዚህ አሰባስቤዋለሁ።

1ኛው መልስ እንኳን ተረፋችሁ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀኝ። የጎማው ጥርስ ስንት ሚሊ ቀርቷል፣ ንፋሱ ስንት ነው፣ ጎማው ከተመረተ ስንት ዓመት ሆነው። አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። አልተላጨም ያልኩት ቆሜ በዓይኔ ስላየሁት ብቻ ነበር።

2ኛው ነገሩን በስሙ ጠራው፦ መኪናዬ ውሃ ላይ ተንሳፎ ነበር። ማብራሪያው ግልጽ ስለነበር ብዙ ሰው አመሰገነው። ጎማ ዝናብ ላይ ሲሽከረከር ከፊቱ ያለውን ውሃ በጥርሶቹ መሃል ባለው ቦይ እየጨመቀ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መጣል አለበት። ፍጥነቱ ከበዛ ወይም ቦዩ ጥልቀት ካጣ ውሃው መውጫ ጊዜ አያገኝም። እንደ ሽብልቅ ጎማው ሥር ይገባና ከአስፋልቱ ያነሳዋል። መሪው የቀለለኝ ጎማው የሚታገለው መሬት ስላጣ ነው። ሞተሩም የጮኸው የሚስቡት ጎማዎች ያለ ጫና ስለተሽከረከሩ ነው። እግሬን ከነዳጅ ማንሳቴ ትክክል እንደነበር ነገረኝ። ፍሬን መርገጥና መሪ ማዞር ግን አደጋ አለው፤ ጎማው ተመልሶ መሬት በሚይዝበት ቅጽበት ዞሮ ከተገኘ መኪናው ወደዞረበት አቅጣጫ ይወረወራል። መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ መጠበቅ ነው። ማንዋል ከሆነ ፍሪሲዮን መርገጥም ይረዳል።

3ኛው አጭር ነበር። 25 ዓመት በክረምት እየነዳ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር እንዳልገጠመው፣ የዛሬ ሹፌር ካፊያ ባየ ቁጥር እንደሚፈራ፣ ልምድ ያለው ሰው መኪናውን በመቀመጫው እንደሚያዳምጠው ጻፈ። ሹፌር ድሮ ቀረ በሚል መንፈስ ነው።

4ኛዋ አላለፈችውም። አስፋልቱ የማንንም የልምድ ዘመን እንደማይጠይቅ፣ 25 ዓመት ያልደረሰ ነገር በ26ኛው እንደማይደርስ ማንም ዋስትና እንደማይሰጥ መለሰችለት። ቃሏ ጠንካራ ነበር። ግን እውነቷን ነው። እኔም 11 ዓመት ብዬ ስጽፍ ልክ እንደ ሰውዬው ዓመቱን እንደ መከላከያ ቆጥሬው ነበር። መኪናው ደግሞ ከመንሳፈፉ በፊት ምንም አልነገረኝም። የሚሰማ ነገር ሲመጣ ጎማው መሬቱን ለቆ ነበር።

5ኛው መሐንዲስ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ናሳ የአውሮፕላን ጎማ እርጥብ ማኮብኮቢያ ላይ ለምን እንደሚንሸራተት አጥንቶ እንደነበር አነሳ። ከጥናቱ የወጣው ቀመር መንሳፈፍ የሚጀምርበትን ፍጥነት ከጎማው ንፋስ ጋር ያያይዘዋል። የንፋሱን መጠን በፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት በሚለካበት መለኪያ) ወስዶ፣ ካሬ ሩቱን አውጥቶ፣ በ16.7 ማባዛት ነው። የሚገኘው ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር ነው። በ30 ፒኤስአይ 91 ገደማ ይመጣል፤ በ20 ደግሞ ወደ 75 ይወርዳል። ንፋስ ሲቀንስ ጎማው ይለሰልሳል፣ መሃሉ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ውሃውን በኃይል መግፋት ያቅተዋል።

6ኛው ይህን በጨዋ ቃል አረመ። ቀመሩ ለአውሮፕላን ጎማ የወጣ ስለሆነ ለቤት መኪና ግምት ብቻ ነው። ሰፊ ጎማ፣ ያለቀ ጥርስ፣ ጥልቅ ውሃ ካለ ከዚያ በታች ባለ ፍጥነትም ይንሳፈፋል። ማንም ሰው 91 የሚለውን ይዞ በ85 ልንዳ እንዳይል ለመነ። 5ኛው ራሱ ተመልሶ አመሰገነው።

7ኛው የእኔ ነው። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት የወንድሜን ልጅ ማስመሪያ ይዤ ወጣሁ። ማስመሪያው ቦዩ ውስጥ አልገባ አለ፤ ዜሮውም ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው። የክብሪት እንጨት ወሰድኩ። ቦዩ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሰደድኩት፣ ከላይ በጥፍሬ ምልክት አደረግኩ፣ አውጥቼ ማስመሪያው ላይ አስተኛሁት። የፊት ጎማዎች መሃላቸው 4 ሚሊ ነው። ጠርዛቸው ጋ ስደርስ እንጨቱ ገና ከመግባቱ ቆመ፤ 2 ሚሊ አይሞላም። ቆሞ የሚያይ ሰው የሚያየው መሃሉን ነው። ንፋሱን አስለካሁት፤ 24 ሆኖ ተገኘ። የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ወረቀት 33 ይላል። 24ን በዚያ ቀመር አሰላሁት፤ 82 መጣ። እኔ 90 ላይ ነበርኩ።

ይህን ስጽፍ ሆዴ ባዶ ሆኖ ነበር። እህቴን አሰብኳት።

8ኛው ጎሚስታ ነው፤ ሙያውን ራሱ ተናገረ። ጠርዝ ጠርዙ አልቆ መሃሉ የቀረ ጎማ ለረጅም ጊዜ ንፋስ ሳይሞላለት የተነዳ እንደሆነ አስረዳ። ንፋስ የበዛበት ተቃራኒው ነው፤ መሃሉ ያልቃል። አዲስ የቤት መኪና ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ አካባቢ ነው። ቦዩ ውስጥ ጎርበብ ጎርበብ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ እኩል ሲሆን 1.6 ሚሊ ቀርቷል ማለት ነው። በብዙ አገር ሕግ ከዚያ በታች መንዳት አይፈቀድም። እሱ ግን ለክረምት ከ3 ሚሊ በታች የሆነ ጎማ ይዞ የሚመጣን ሰው እንደሚመልስ ጻፈ። ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጠዋት ነው። ሌላም አሳየን፦ ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ተከትለው በሚመጡት ቁጥሮች መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። ሁለቱ ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት ናቸው። ወጥቼ በስልኬ መብራት ፈለግኩት። 3614 ይላል። እ.ኤ.አ. የ2014 36ኛው ሳምንት መሆኑ ነው። እነዚህ ጎማዎች አዲስ ተብለው ነው የተሸጡልኝ፤ ስገዛቸው ግን መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት ተቀምጠዋል። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፤ ጥርስ ቢኖረውም እርጥብ አስፋልት ላይ አይነክስም።

ከዚህ በኋላ ነው ውይይቱ የተጋጋለው። 9ኛውን ጻፍኩ፤ አሁን አቅሜ የሚፈቅደው ሁለት ጎማ ነው፣ የኋላዎቹ ደህና ናቸው፣ አዲሶቹን የት ላድርጋቸው ብዬ ጠየቅኩ። 10ኛው ሳያመነታ ፊት አለ። የሚስበውም የሚዞረውም ፊት ነው፣ የፍሬኑም ጫና የሚበዛው እዚያው ነው። 11ኛው ኋላ አለ፤ ምክንያት አልሰጠም። 12ኛው፣ ያው የ10ኛው ባለቤት ነው፣ ተቆጣ። መኪና ነድቶ የማያውቅ ሰው ምክር ባይሰጥ እንደሚሻል ጻፈ። 13ኛው በባሰ ቃል መለሰለት፤ እዚህ አልደግመውም። 14ኛው የመድረኩ አስተባባሪ ነበር፤ ስድብ ካልቆመ መልሶቹን እንደሚያነሳ አስጠነቀቀ።

15ኛዋ የመንጃ ፈቃድ አስተማሪ ናት። እሷ ስትጽፍ ሁሉም ዝም አለ። የፊት ጎማ ሲንሸራተት ሹፌሩ ያውቀዋል፤ መሪው ይቀላል፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣና ጎማው ተመልሶ ይይዛል። እኔ የገጠመኝ ይኸው ነው። የኋላው ሲንሸራተት ግን መሪው ላይ የሚሰማ ነገር የለም። ቂጡ ይዞራል፣ ሹፌሩ ሲነቃ መኪናው የመጣበትን መንገድ እያየ ነው። ያን መመለስ ለሠለጠነ ሰውም ይከብዳል። ሚሽሊንን የመሳሰሉ ጎማ አምራቾች አዲሶቹን ሁለት ጎማዎች ኋላ አድርጉ የሚሉት ለዚህ ነው፤ መኪናው በፊት ቢሳብም ያው ነው። ደህና የነበሩት የኋላዎቹ ወደ ፊት ይመጣሉ፣ ያለቁት ይጣላሉ። የእኔን የምርት ዘመን አይታ ግን አራቱም ቢቀየሩ እንደምትመርጥ ጨመረች። የ10ኛው ባለቤት ተመልሶ መጣ። አልተከራከረም። በዚህ በኩል አስቦት እንደማያውቅ ጻፈ፣ 11ኛውንም ይቅርታ ጠየቀው። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደስ ይለኛል።

16ኛው ወደ ሁለተኛው ጥያቄዬ መለሰኝ። ተንሳፈው ሳሉ ፍሬን አያግዝም። መሬት ላይ ሆነው ለማቆም ግን ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) ያለው መኪና ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መረገጥ አለበት፤ ፔዳሉ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ሥራውን እየሠራ ነውና እግር አይነሳም። ብዙ ሰው ያ መንቀጥቀጥ የተሰበረ ነገር መስሎት ይለቀዋል። ኤቢኤስ የሌለው ደግሞ ረገጥ ለቀቅ ይደረጋል። ከፊት መኪና ያለውን ርቀት በሰከንድ መቁጠር ይሻላል፦ የፊተኛው አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ይጀመራል፣ በደረቅ ቢያንስ ሁለት፣ በዝናብ ቢያንስ አራት ሰከንድ ሳይሞላ እዚያ ምሰሶ ጋ መድረስ የለብንም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆንም አስታወሰ።

ቀጥሎ ውይይቱ ወደ መስታወት ዞረ። 17ኛው መጥረጊያው ሲጥ ሲጥ የሚልበት ሰው ነው። 18ኛው ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት፣ የተሰነጠቀ ከሆነ መቀየር ነው ብሎ ከነገረው በኋላ ታሪክ ጀመረ። ሜሪ አንደርሰን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1903 የመስታወት መጥረጊያ ፓተንት እንዳገኘች፣ ሐሳቡ የመጣላት ኒው ዮርክ ውስጥ በረዶ እየጣለ መስታወቱ የተሸፈነበትን የትራም ነጂ አይታ እንደሆነ ተረከልን። ከወንበሩ ሆኖ በእጅ የሚሳብ ነበር። 19ኛው ከርዕስ ወጥታችኋል ብሎ ወቀሰ። እኔ አልወጡም ባይ ነኝ፤ የማያይ ሰው ስለ ጎማው ቢያውቅ ምን ይጠቅመዋል?

20ኛዋ የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጆቿ የረጠበ ጃኬት ለብሰው ሲገቡ መስታወቱ በሙሉ በጉም ይሸፈናል። በእጇ እያበሰች ትነዳ ነበር። አሁን ኤሲውን ትከፍታለች፣ አየሩን ወደ ፊት መስታወት ትመራለች፣ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውን ቁልፍ ትዘጋለች፣ መስታወቱ እስኪጠራ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። ኤሲ ለሙቀት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። አየሩን ያደርቃል፤ መኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ከዚያ የወጣው እርጥበት ነው። ሙቀትም አብሮ ቢከፈት ይሠራል። ልጆቹ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ለምደዋል፤ ትንሿ መስታወቱ ሲጠራ እየተከተለች በጣቷ ታሳያለች አለችን።

ከ21 እስከ 24 ያሉት የተጣሉት በሃዛርድ ነው። 21ኛው ዝናብ ሲበረታ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ እንደሚነዳ ተናገረ፣ እንዲታይ። 22ኛው ይህን ሞኝነት ብሎ ጠራው፤ ቃሉ አላስፈላጊ ነበር። ምክንያቱ ግን ትክክል ነው። ሃዛርድ ሲበራ በብዙ መኪና ፍሬቻ አይሠራም፣ ስለዚህ ወዴት ልትታጠፍ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከኋላ የሚመጣውም የቆመ መኪና ይመስለዋል። 23ኛዋ አስታራቂ ነገር አመጣች፦ አጭር መብራት ማብራት፣ ረጅሙን መተው፤ ረጅሙ የዝናቡ ጠብታ ላይ አርፎ ወደ ራስ ዓይን ይመለሳል። ሃዛርድ ሲቆሙ ነው። 24ኛው የጨመረው ትንሽ ቢመስልም እኔን ቀይሮኛል። ቀን ቀን በራሱ የሚበራው የፊት መብራት በብዙ መኪና የኋላውን አያበራም። እኔ ፊት ለፊት ብርሃን ስላየሁ በርቷል ብዬ ነበር የምነዳው። በዚያ ዝናብ ከኋላዬ ለነበረው ሰው መብራት አልነበረኝም ማለት ነው።

25ኛው መኪና የላቸውም። እናት ናቸው፤ ዕድሜያቸው እንደገፋና በምርኩዝ እንደሚሄዱ ጻፉ። ስለ ሹፌር ደኅንነት ይህን ሁሉ ስንናገር አንድም ሰው እግረኛን ባለማንሳቱ አዘኑብን። ኩሬ አጠገብ የሚፈጥን መኪና ሲመጣ የሚሸሹበት የለም። አንድ ጊዜ ውሃው ፊታቸውን መትቷቸው ዓይናቸውን ሲጨፍኑ እግራቸው የመንገዱን ጠርዝ ስቶ ወደቁ፤ መኪናው አልቆመም። ማንንም አልተሳደቡም፣ ያ ነው የከበደን። አንድ ሰው ከሥራቸው እንግሊዝ ውስጥ እግረኛን በውሃ መርጨት በግዴለሽነት መንዳት ተቆጥሮ እንደሚያስቀጣ ጻፈላቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ቅጣት ሳይሆን ሹፌሩ ኩሬ ሲያይ እግሩን እንዲያነሳ ብቻ ነበር። እማማ፣ ይህን የሚያነብልዎ ካለ፣ እኔ አነሳለሁ።

26ኛው ሞተረኛ ነበር። በዝናብ የመንገዱ ነጭ ቀለምና የጉድጓድ ብረት ክዳን ለሁለት ጎማ እንደ ሳሙና ነው። ዝናብ ሲጀምር ያሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች ደግሞ ይብሳሉ፤ አስፋልቱ ላይ የከረመ ዘይትና አቧራ ከጥቂት ውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ ዶፉ እስኪያጥበው ያንሸራትታል። እሱ ከነጭ መስመር ለመሸሽ ድንገት ዞር ሲል ከጎኑ ያለ መኪና ቦታ እንዲተውለት ለመነ።

27ኛውን ደጋግሜ ያነበብኩት ነው። የጻፉት ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ያሳለፉ ሹፌር ናቸው። ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። ለሊት ነው፣ መንገዱን ወንዝ ተሻግሮታል። ሞተር አጥፍተው ቆሙ። የመንገዱ ዳር ጠቋሚ ድንጋዮች ነጭ ጫፍ ይታያል አይታይም፤ ውሃው እስከ ጉልበት ይሆናል ብለው ገመቱ። ከኋላቸው አንዲት ትንሽ መኪና መጣች፣ ትንሽ ቆመች፣ ከዚያ አልፋቸው ገባች። ጥሩምባ ነፉ። መሃል እስክትደርስ ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ ሁለቱ ቀይ የኋላ መብራቶች ሳይዞሩ፣ ጎን ለጎን እንዳሉ፣ ወደ ቀኝ ተንሸራተቱ። ልክ ሰው በእጁ ጠረጴዛ ላይ ዕቃ እንደሚገፋ። ታች ያለ ዛፍ ያዛት። ውስጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሹፌሩ ከመግባቱ በፊት መስኮት ከፍቶ ስለነበር በዚያ ወጡ፣ ጋሼም ገመድ ወረወሩላቸው። ከወጡ በኋላ ሹፌሩ የተናገረው ያንን መንገድ በየቀኑ እንደሚመላለስበት ነው። ጋሼ ይህን የጻፉት ለ3ኛው መልስ እንደሆነ በግልጽ አስቀመጡ። መንገዱን ታውቀዋለህ፣ የዚያን ለሊት ውሃ ግን አታውቀውም የሚል ነው ነገራቸው።

28ኛው መሐንዲሱ ተመልሶ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አስረዳ። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎ ይመዝናል። መኪና ውስጡ አየር የሞላ ሳጥን ስለሆነ የገፋውን ውሃ ያህል ይቀልላል። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የሚሰጠው ልክ እንዲህ ነው፦ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ የብዙ ትንንሽ መኪኖችን ሆድ ይነካል፣ ሹፌሩንም መቆጣጠሪያ ሊያሳጣው ይችላል። 30 ሴንቲ ብዙ መኪና ያነሳል። 60 ሴንቲ የሚወርድ ጎርፍ ፒክአፕና ትልልቅ መኪናም ሳይቀር ይወስዳል። ሥሩ ያለው አስፋልት ተቆርጦ ሄዶ እንደሆነ ደግሞ ከላይ ማወቅ አይቻልም። አንዲት ሴት ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት ከሥሩ ጻፈች።

29ኛው ያልጠበቅነው ነበር። 3ኛው ሰውዬ ተመለሰ። ድምፁ ሌላ ነው። ከ25ቱ ዓመት አንዱን እንዳልነገረን ጻፈ። ጎርፍ ውስጥ ሞተር ጠፍቶበት፣ ከኋላው ጥሩምባ ሲበዛበት ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። አንድ ጊዜ የብረት ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ አልተነሳም። 30ኛው መካኒክ ምን እንደነበር ነገረው። የአየር መሳቢያው በብዙ መኪና ዝቅ ብሎ ከፊት ነው። ውሃ በፊልትሮው አልፎ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ የሚጨምቀው አየር ሳይሆን ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ደግሞ አይጨመቅም። ቢዬላው፣ ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ይጣመማል። ውሃ ውስጥ የጠፋ ሞተር አይነሳም፤ ተገፍቶ ይወጣል፣ ካንዴላው ተፈትቶ ውሃው እስኪወጣ ይጠበቃል። በሰላም የተሻገረም ቢሆን ፍሬኑን ቀስ እያለ ደጋግሞ ነካ ነካ ያድርግ፣ እስኪደርቅ አይዝም። 4ኛዋ ለሰውዬው ቀና ቃል ጻፈችለት፤ እኔም ጻፍኩለት።

ከ31 እስከ 33 ስለ መውጣት ነው። መኪና ውሃ ውስጥ ከገባ በሩ ከውጭ ባለው ግፊት አይከፈትም። ቀበቶ መፍታት፣ መስኮት ማውረድ፣ ልጆችን አስቀድሞ ማውጣት፤ ሁሉም በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው። የኤሌክትሪክ መስኮት ለትንሽ ጊዜ ሊሠራ ይችላልና መጀመሪያ እሱ ይሞከር። እንቢ ካለ የጎኑን መስታወት ጥግ ላይ በሾለ መዶሻ መምታት ነው፤ የፊተኛው ድርብርብ ስለሆነ ተሰንጥቆ ይቀራል እንጂ አይከፈትም። 32ኛው በመቀመጫው የራስ ትራስ ብረት ይሰበራል አለ፣ 33ኛዋ ደንግጦ ውሃ ውስጥ ላለ ሰው ከባድ እንደሆነ ተከራከረች። መዶሻው ሹፌሩ ሳይንጠራራ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፣ ኮፈን ሥር ወይም ሻንጣ ውስጥ ከሆነ የለም ማለት ነው። በዚህ ሁሉም ተስማማ።

34ኛው መብረቅ መኪና ይመታል ወይ ብሎ ጠየቀ። በአንድ መስመር ተመለሰለት፦ የሚከላከለው ጎማው ሳይሆን የብረት አካሉ ነው፣ መስኮት ዘግቶ ብረት አለመንካት ይበቃል።

35ኛዋ መቼ ልቁም ብላ ጠየቀች። አስተማሪዋ በ36ኛው መለሰችላት። መጥረጊያው በመጨረሻው ፍጥነቱ እየሠራ መስታወቱ ካልጠራ ጊዜው አሁን ነው። የመንገዱ ጠርዝ ላይ አይቆምም፤ ከኋላ የሚመጣው ቀይ መብራትሽን ተከትሎ ሊመጣብሽ ይችላል። ከመንገዱ ፈጽሞ መውጣት፣ ከፍ ያለ ቦታ መምረጥ፣ መጠበቅ።

37ኛዋ ሹፌር አይደለችም። በየሳምንቱ ሩቅ መንገድ በአውቶቡስ የምትሄድ ልጅ ናት። ጎማም፣ ፍጥነትም፣ የመቆሚያውም ሰዓት በእጇ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሹፌሩ በዶፍ ሲበር አይታ አፏ ተሳስሮ ተቀምጣ ደረሰች። ተሳፋሪ ምን ማድረግ ይችላል ብላ ጠየቀች። ግማሽ ቀን ማንም አልመለሰላትም። ይህን ሁሉ ስንጽፍ መሪ የያዘውን ብቻ ነበር ያሰብነው።

38ኛው የእኔ ነው። የምችለውን ጻፍኩላት። ቀበቶ ያለው መቀመጫ እንድትመርጥ። ጉዞው ሳይጀመር፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ ጎማውን በዓይኗ ጠርዝ ጠርዙን እንድታይ። ሹፌሩን ብቻዋን ከምትናገረው አጠገቧ ያሉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ቀስ ብላ እንድታማክር፣ ከዚያ ረዳቱን ጠርተው በአንድ ድምፅ፣ በአክብሮት እንዲነግሩት። ሹፌር አንድ ሰው ሲናገር ይቆጣል፣ አምስት ሰው ሲለምነው እግሩን ያነሳል ብዬ አምናለሁ። እምቢ ካለ ወርዶ መቅረትም መብቷ ነው።

አመሰግናለሁ ብላ ጻፈችልኝ። ሐሙስ ትሄዳለች።